የሶፋው ነዋሪ

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ዳኒደን ይዘንባል፤
ኮረብታው ላይ ያዘመመው ቤታችን በአራት ቦታ ያነባል።
ባልዲ ደርድረናል በመተላለፊያው ዳር፣
ጠብ... ጠብ... ይላል ውሃው፣ ማንም ሳያዘው ሲቆጥር።

በኪራዩ ውል ላይ የሰፈረው ስም አምስት፤
መታጠቢያ ቤት ግን፣ ከመስተዋቱ ሥር፣ የጥርስ ብሩሹ ስድስት።
ስድስተኛው ያንተ ነው፣ ቴቪታ፣
ከጥር ወዲህ ሶፋው ላይ የምትጠቀለል ማታ ማታ፣
እግርህ ከመደገፊያው ማዶ ተርፎ፣
የሲዮኔ ካፖርት ላይህ ላይ፣ ካልሲህ ማሞቂያው ላይ አርፎ።

የቆጠራውን ቅጽ ስናወጣው ፊትህን አዞርክ።
«እኔን አትጻፉኝ፤ አላፊ ነኝ» አልክ።
«ውሉ አያውቀኝም፤ ንብረቴ አንድ ቦርሳ፤
ለሚሄድ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል ማስታወሻ?»
ፊንሌይ አከለበት፣ አፉ በቺፕስ ተሞልቶ፦
«ከሚሊዮን መሃል አንድ ሰው ቢጎድል፣ ማን ያውቃል ከቶ?
ደግሞስ ስልካችን የዞርንበትን ሁሉ ይዘግባል፣
የበላነውን ፒዛ ሳይቀር ቆጥሮ ያውቃል!»
ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።
መልስ ጠፍቶኝ እንጂ ደስ ብሎኝ አይደለም።

በር ተንኳኳ። ወይዘሮ ሞራግ ናቸው፤ ሦስተኛ መምጣታቸው፣
ከዝናብ ካፖርታቸው ጫፍ የወረደው ኩሬ ወለሉ ላይ ተከትሏቸው።
ጡረታ የወጡ ፖስተኛ፤ ይህን ዳገት ሠላሳ ዓመት የወጡ፣
የየበሩን ውሻ በስሙ እየጠሩ ደብዳቤ የሰጡ።
አልተቆጡንም። ሻይ ተቀበሉ፤ ስኳር አልነበረንም፣ ማር ጨመርንበት።
«ስምንት ቁጥር አውቶቡስ እስከ የት ነው የሚደርሰው?» አሉን ድንገት።
«እስከ ታች፣ እስከ አደባባዩ። ወደዚህ አይወጣም።»
«ድሮ እዚህ በር ላይ ነበር የሚዞረው። ዛሬ አይመጣም፤
ባለፈው ቆጠራ በየሶፋው፣ በየጋራዡ ያደረው ወጣት ሁሉ
‹እኔ የለሁም› አለ። ሰዎቹም አመኑት፤ ‹ማንም የለም› አሉ።
ለማንም ደግሞ፣ ልጆቼ፣ አውቶቡስ አይላክም።»

ቅጹን ከጠረጴዛው አነሳህ፣ ለማየት ያህል።
«ዛሬ ሌሊት የት ታድራለህ?» ይላል።
ዝም አልክ። ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
ከጥር ወዲህ ይህን የጠየቀህ ሰው አልነበረ።
እናትህ እንኳ በስልክ «በላህ ወይ?» ነው የምትልህ፤
እኛም በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ» እያልንህ
«የት» የሚለውን ዘለልነው፣
እንዳታፍር ብለን።
ወይም እኛ እንዳናፍር።

ከዚያ ብዕር ጠየቅህ።
ስምህን ከነአባትህ በትልልቁ ጻፍክ።
ሥራ፦ የዓሣ ፋብሪካ፣ የንጋት ፈረቃ፣ አጣቢ።
ቋንቋ የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና አልክ፦ «ቶንጋኛ ይጻፋል?»
«ለዚህ አይደል እንዴ የመጣሁት!» አሉ ወይዘሮ ሞራግ። «አድምቀው።»
አድራሻ የሚለው ላይ ቆየህ።
ቆየህ።
የኛን ቤት ቁጥር ጻፍክ፤ እጅህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣
እንዳላየ ሆንኩ።

አንቺም፣ በጓደኛሽ ጋራዥ ፍራሽ ያነጠፍሽ፣
አንተም፣ የመኪና ወንበር አስተኝተህ የምታድር፣
አላፊ ነን አትበሉ፤ ማንስ አላፊ ያልሆነ አለ?
ቆጠራ ቋጠሮ ነው፤ ያልተቋጠረ እህል መንገድ ላይ ፈሰሰ፣
ወፍ ለቀመው፣ ቀለለ።
ወረቀቱ ጣሪያ አይጠግንም፤ እኔም አልዋሽም፤
ግን እያለህ «የለሁም» ስትል፣ ሌላው «አለ» አይልልህም።

አውቶቡሱ እስካሁን አልመጣም፤
ከአደባባዩ በእግራችን ነው የምንወጣው።
አንተ ግን፣ ቴቪታ፣ ሐሙስ ዕለት
ከአሮጌ ዕቃ መሸጫው ጆሮው የተሸረፈ ኩባያ ይዘህ ገባህ፤
እስከዚያ ቀን ሻይህን በማርማላታ ብልቃጥ ነበር የምትጠጣው።
መደርደሪያው ላይ፣ ከአምስቱ ቀጥሎ፣ አስቀመጥከው።